በሩጫ ጊዜ ስለሚቀላ ፊት

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚዘረጋው በአፍሪካ ጎዳና፥ እንደዚሁም በገርጂ፥ በሰሚት፥ በአያትና በኮተቤ በኩል ጎሕ ሲቀድ የሚመላለስ ሰው፥ ሽማግሌና ጎልማሳ፥ እናትና ልጅ ሳይለይ ብዙ ሕዝብ ሲሮጥና ሲራመድ ማየቱ የታወቀ ነው። ይልቁንም በ1994 ዓ.ም. የተመሠረተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በሚቃረብበት በኅዳር ወር የሯጮቹ ቍጥር እየበዛ ይሄዳል። ይህ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ዳሩ ግን ሩጫ የጀመረ ሁሉ ከሚያጋጥመው ነገር አንዱ፥ ከብዙዎችም ቤት ጭንቀት የሚያስገባው፥ የፊት መቅላት ስለ ሆነ ለዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ይህን ጕዳይ መርጠናል።

ከገርጂ ሠፈር አንዲት እናት የጻፉልን ጥያቄ ለዚህ ምክንያት ሆኖናል። ልጃቸው 12 ዓመት የሞላት ናት፤ በትምህርት ቤት በሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት ጥቂት እንደ ሮጠች ፊቷ በርበሬ ይመስላል፤ ወደ ቤት እስክትደርስም አይመለስም። ጓደኞቿ ስለሣቁባት ከእንግዲህ አልሮጥም ብላለች። ጎረቤቶችም አንዱ ‹ደሟ በዝቷል›፥ ሌላው ‹ልቧ ደካማ ነው›፥ ሦስተኛው ‹ምች ነው› እያሉ እናቲቱን አስፈርተዋቸዋል። እኒህ እናት ልጃቸውን ከስፖርት ማስቀረት የሚገባቸው እንደ ሆነ እንድንነግራቸው ይለምናሉ።

መልሳችን በአጭሩ፥ አያስቀሯት የሚል ነው። ልጅቱ ከዚህ በታች ከምንጽፋቸው የአደጋ ምልክቶች አንዱም ከሌለባት፥ ፊቷ መቅላቱ ገላዋ ሥራውን በሚገባ መሥራቱን እንጂ መታመሟን አያሳይም። እንዲሁ አምነው እንዲቀበሉን ግን አንሻም፤ ምክንያቱን ቢያውቁት ለሌላም ጊዜ ይጠቅማቸዋልና።

የሰው ገላ በሥራ ላይ ሲሆን እንደ ምድጃ ነው። ጡንቻ ከምግብ ከሚያገኘው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ከአራት እጅ አንዱን ያህል ብቻ ሲሆን፥ የቀረው ሦስት እጅ ሙቀት ሆኖ በገላ ውስጥ ይቀራል። ይህ ሙቀት መውጫ ባያገኝ ኖሮ፥ በብርቱ የሚሮጥ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ለሞት በሚያደርስ ትኩሳት በተያዘ ነበር። ስለዚህ ደም ሙቀቱን ከጡንቻ ተሸክሞ ወደ ቆዳ ያወጣዋል፤ በቆዳ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ከአንጎል ትእዛዝ ተቀብለው ይሰፋሉ። በዕረፍት ጊዜ ወደ መላው ቆዳ የሚሄደው ደም በደቂቃ ግማሽ ሊትር ቢሆን ነው፤ በብርቱ ሙቀት ጊዜ ግን እስከ 6፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 8 ሊትር ይደርሳል። ይህን ያህል ደም ወደ ገላ ዳር ሲወጣ ቀለሙ ከቆዳው በላይ መታየቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ደሙ ያወጣውን ሙቀት የሚወስደው ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ተንኖ ሲሄድ 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በማድ ቤት ከምናውቀው ነገር ጋራ ብናነጻጽረው፥ በአዲስ አበባ ስምንት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ማለት ነው። (በከተማችን ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ መሆኑን፥ ባቄላ ቶሎ አልበስል ያላቸው እመቤቶች ሁሉ ሳይነገራቸው ያውቁታል።) ነገር ግን የሚያቀዘቅዘው የሚተነው ላብ ብቻ ነው፤ በመሬት ላይ የሚንጠባጠበው ከንቱ ይቀራል። ይህን አንባቢዎቻችን ያዙልን፤ ኋላ ወደ ዶሃ ስንሄድ ያስፈልገናል።

ደሙ ወደ ቆዳ ሁሉ የሚወጣ ከሆነ ፊት ብቻ ለምን ይቀላል የሚል ይኖራል። በጕንጭ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ከሌላው የገላ ክፍል ይልቅ ብዙዎችና ሰፋ ያሉ ከመሆናቸውም በላይ ለቆዳው ገጽ ቅርብ ናቸው። ደግሞም ክንድና ጭን በልብስ ሲሸፈኑ ፊት ዘወትር የተገለጠ ስለ ሆነ፥ ሰው የሚያየው እርሱን ነው።

ስለ ልጅቱ የሚሻለው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ልጆች እንደ አዋቂ አብዝተው አያልቡም፤ የላብ ዕጢዎቻቸው ገና አልበረቱም። ስለዚህ ገላቸውን የሚያቀዘቅዙት ከላብ ይልቅ ደምን ወደ ቆዳ በመላክ ነው። አብረው የሚሮጡ አባትና ልጅ ቢታዩ፥ አባትየው በላብ ሲጠመቅ ልጁ ደርቆ ፊቱ ብቻ እንደ ፍም የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ዕድሜ ሲጨምርና ልምምድ ሲበረታ ላቡ ቶሎ መምጣት ይጀምራል፤ የፊቱም መቅላት አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። እንግዲህ ልጅቱ ስፖርቱን ብትተው፥ መቅላቱን የሚያቀልላትን ነገር መተዋ ነው።

የሠፈራችንም ሁኔታ የራሱ ድርሻ አለው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። በዚህ ለተወለደ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ከሎንዶን ወይም ከዋሺንግቶን የመጣ ዘመድ ግን፥ ሻንጣውን ሳይፈታ በማግሥቱ ከወንድሞቹ ጋራ ወደ የካ ዋሻ ሚካኤል ሽቅብ ልሩጥ ቢል፥ ልቡ እጅግ ይመታል፥ ትንፋሹ ይቈራረጣል፥ ፊቱም ይቀላል። እንዲህ ያለ እንግዳ አንድ ሁለት ሳምንት ቀስ ብሎ መጀመር አለበት፤ ኵራት የያዘው እንደ ሆነ ግን ምክር አይሰማምና ዳገቱ ራሱ ይንገረው።

ሁለተኛው ነገር ፀሐያችን ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ፀሐዩ ደካማ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 10 ያህል እየጨመረ ስለሚሄድ፥ በአዲስ አበባ ያለው በባሕር ዳር ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይበልጣል። ከዚህም በላይ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ስለዚህ ከሩጫ የመጣውን መቅላት ፀሐይ ካመጣው መለየት ይገባል። የሩጫው መቅላት ሰውየው ካረፈ በኋላ በግማሽ ሰዓት፥ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመለሳል፤ አያምምም። የፀሐዩ ግን ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ ብቅ ይላል፤ ሲነኩት ያቃጥላል፤ ከቀናትም በኋላ ቆዳው ይላጣል። ለመጀመሪያው ዕረፍት ይበቃል፤ ለሁለተኛው ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ጥቂት ስለ ቀለም እንናገር። በአማርኛችን የሰውን መልክ ቀይ፥ ቀይ ዳማ፥ ጠይም፥ ጥቁር እያልን መለየታችን ለሐኪም ሳይቀር የሚረዳ ነገር ነው፤ የፊት መቅላት በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይታይምና። በቀይ ሰው ላይ እንደ ቲማቲም ይሆናል። በቀይ ዳማው ላይ የመዳብ መልክ ይይዛል። በጠይሙና በጥቁሩ ላይ ግን ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ፊቱ ጠቈር ይላል፥ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፥ ወይም ምንም ሳይለወጥ ሙቀቱ ብቻ በእጅ ጀርባ ሲነኩት ይታወቃል። ደሙ ግን በሁሉም እኩል ይወጣል። የእንግሊዙ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በ1872 እ.ኤ.አ. ስለ ስሜት መግለጫዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ለዚህ ነገር ሰጥቶ፥ አንድ ሐኪም ያየውን ይጠቅሳል፤ ፊቷ ላይ ጠባሳ የነበረባት አንዲት ጥቁር ሴት በድንገት በተናገሯት ጊዜ ሁሉ፥ ቀለም ያልነበረው ጠባሳዋ ይቀላ ነበር። ጠባሳው ሌላው ቆዳ የሸፈነውን ገለጠው ማለት ነው።

ይህን ማንሣታችን ለወሬ አይደለም። ሐኪሞች የሚማሩባቸው መጻሕፍት ሥዕሎች አብዛኞቹ በነጭ ቆዳ ላይ የተነሡ ስለ ሆኑ፥ ሮዛሴያ የሚባለው ፊትን የሚያቀላ የቆዳ በሽታ በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ሳይታወቅ ለብዙ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ ጠይም ወይም ጥቁር የሆነች እናት ‹ፊቴ ሁልጊዜ ይነድደኛል፥ ትኵስ ቡና ስጠጣ፥ ምጣድ ፊት ስቀመጥ፥ ዳገት ስወጣ ይብስብኛል› ብትል፥ ቀይ ሆኖ አልታየም ተብሎ ቃልዋ ሊናቅ አይገባም። ሚጥሚጣ የበላ ሰው ፊቱ የሚነድደውና የሚያልበው ደግሞ፥ የሚጥሚጣው ንጥረ ነገር ሙቀትን የሚሰማውን የነርቭ በር ስለሚያንኳኳ ነው። ይህን በር ያገኘው ዴቪድ ጁልየስ የተባለው ሊቅ ከጓደኛው ጋራ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። እሳት ሳይኖር ገላ እሳት አለ ብሎ ይታለላል።

ስለ ምች የተነሣውንም ነገር ሳንመልስ አናልፍም። አባቶቻችን፥ አልቦት ሳለ ፀሐይ የመታው ሰው ምች ይይዘዋል፥ ራሱን ያመዋል፥ ያተኵሰዋል፥ ከንፈሩም ይቈስላል ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት የሆነ ነገር አለ፤ በከንፈር ላይ የሚወጣው ቍስል ከቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ብርቱ ፀሐይ የተኛውን ቫይረስ እንደሚቀሰቅሰው የታወቀ ነው። ነገር ግን በሩጫ ጊዜ ቀልቶ በዕረፍት የሚመለስ ፊት ከዚህ ጋራ አንዳች ዝምድና የለውም። ዳማ ከሴ አሽቶ መቀባት የለመደ ሰው ሽታው ደስ ይለው ይሆናል፤ ለጤነኛ ልጅ ግን መድኃኒት መፈለግ አያስፈልግም፤ ያስፈራታልና።

ሙቀት እውነተኛ ጠላት የሚሆንበትን ጊዜ ለማሳየት ወደ ዶሃ እንሂድ። በመስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ በመስቀል አደባባይ ደመራ በተለኰሰበት በዚያው ዕለት ሌሊት፥ በቃጣር ዋና ከተማ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ተደረገ። ፀሐይን ለመሸሽ ተብሎ ሯጮቹ የተነሡት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፥ የአየሩም እርጥበት ከመቶ 70 በላይ ነበር። አየሩ ራሱ ውኃ የጠገበ ስለ ሆነ ላባቸው እንደ ዝናብ ወረደ እንጂ አልተነነም። ከተነሡት 68 ሴቶች ውስጥ የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። የአገራችን ሦስቱ ሯጮች፥ ሩቲ አጋ፥ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ፥ ሦስቱም አቋረጡ።

ይህን ማቋረጥ እንደ ውርደት የሚቈጥር ሰው ቢኖር ነገሩን አላስተዋለም። እኒህ ሴቶች የሚለማመዱት በደጋ፥ ላብ ከግንባር ሳይወርድ በሚደርቅበት ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ነው፤ ከቦሌ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት ዶሃ ለሚደርስ ሰው ገላው በመንገድ ላይ አዲስ ትምህርት አይማርም። ገላ ሙቀትን የሚለምደው በሞቃት አየር ውስጥ ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት ቀን እየሠራ ሲቈይ ነው፤ ያን ጊዜ ደሙ ይበዛል፥ ላቡም ቶሎ ይጀምራል። ከሳምንት በኋላ በመስከረም 24 ሌሊት፥ ሙቀቱም እርጥበቱም ቀነስ ባለበት ጊዜ፥ በዚያችው ከተማ በወንዶች ማራቶን ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አንደኛ፥ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ሆነው ለአገራቸው ድርብ ደስታ አምጥተዋል። አበበ ቢቂላም በጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ውድድር በማታ መደረጉ፥ የበጋውን ሙቀት ለመሸሽ እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፥ ፊታቸው ለሚቀላ ሰዎች የሚጠቅመውን እንጻፍ። ሩጫን በአንድ ጊዜ በብርቱ ከመጀመር ይልቅ ዐሥር ደቂቃ ያህል በእርምጃ ገላን ማሟሟቅ፥ ሲጨርሱም ድንገት ከመቆም እየተራመዱ መብረድ ይሻላል። ሰዓቱ ማለዳ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቢሆን መልካም ነው። (በአፍሪካ ጎዳና ዳር ለሚሮጡ ማለዳው ለሌላም ነገር ይሻላል፤ የመኪናው ጢስ ገና አልበረታምና።) ጥማት ሲመጣ ውኃ መጠጣት፥ ሳሳ ያለና ቀለሙ ነጣ ያለ ልብስ መልበስ፥ ከሩጫ በኋላም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ፊት ላይና አንገት ላይ ማድረግ ይጠቅማል። ፊትን በሳሙና አጥብቆ ማሸት ግን መቅላቱን ያብሰዋል።

አንድ ልማድ ግን አጥብቀን እንነቅፋለን። አንዳንድ ሰዎች ቦርጭ ይጠፋል ብለው በወፍራም ጃኬት ላይ ጃኬት ደርበው፥ ከውስጥም ሆዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይሮጣሉ። ፊታቸው ሲቀላና ላባቸው ሲንቈረቈር ስቡ የቀለጠ ይመስላቸዋል። የወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ሚዛን ላይ የቀነሰውም ሁለት ብርጭቆ ውኃ እንደ ጠጡ ይመለሳል። ላስቲኩ የሚሠራው፥ ላቡ እንዳይተንን ከልክሎ የዶሃን ሌሊት በቦሌ ማለዳ ላይ ማምጣት ነው።

ወደ ሐኪም የሚያስኬዱት ምልክቶች እነሆ። ሯጩ ፊቱ ቀልቶ ሳለ ንግግሩ ቢዘበራረቅ፥ ቢንገዳገድ፥ ቢያስመልሰው፥ ወይም ራሱን ቢስት፥ ይህ የሙቀት ምት ነው፤ የገላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ አይቀርምና ሐኪም እስኪደረስ ድረስ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጥላ ማስገባት፥ ልብሱን ማውለቅ፥ ቀዝቃዛ ውኃ በመላ ገላው እያፈሰሱ ማራገብ ያስፈልጋል። ልቡናው ላልተመለሰለት ሰው ውኃ በግድ ማጠጣት ግን አይገባም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ላብ ስላለው የሙቀት ምት አይደለም ማለትም ስሕተት ነው፤ በሩጫ የሚመጣው ላብ እያለም ይመታል። ደግሞ ከመቅላቱ ጋራ ንብ የነደፈው የሚመስል የሚያሳክክ ሽፍታ ቢወጣ፥ ከንፈር ወይም ዓይን ቢያብጥ፥ ትንፋሽ ቢያጥር፥ ይህ ብርቱ አለርጂ ነው፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የስንዴ ዳቦ በልተው ወዲያው ሲሮጡ ብቻ ይመጣል፤ ዳቦውም ብቻውን ሩጫውም ብቻውን ሳይጐዳቸው ሁለቱ ሲገናኙ ይጐዳሉ። የደረት ሕመም ለያዘው፥ ወይም ፊቱ ከመቅላት ይልቅ በድንገት አመድ ለመሰለው ሰውም መቆም እንጂ መታገሥ አይገባም።

ሌላም አለ። ሳይሮጡ እየመጣ የሚሄድ መቅላት በአንገት ላይ ካለ እንቅርት ጋራ ቢሆን፥ ገላም ቢከሳ፥ ልብም ቢፈጥን፥ የእንቅርቱ ዕጢ ከመጠን በላይ እየሠራ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። የወር አበባቸው የሚቋረጥበት ዕድሜ የደረሱ እናቶች ድንገት የሚነሣባቸው ትኵሳት የታወቀ ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ወይም ኒፌዲፒን የሚወስዱ አባቶችም መድኃኒቱ ራሱ ፊታቸውን ያቀላው ይሆናል፤ በገዛ እጃቸው ማቋረጥ ግን ከመቅላቱ የባሰ አደጋ ስላለው ለሐኪማቸው ይንገሩ። ከአፍንጫ ድልድይ ወደ ሁለቱ ጕንጭ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተዘርግቶ ከሩጫ በኋላም የማይለቅ መቅላት፥ በተለይ መገጣጠሚያ የሚያማቸው ሴቶች ላይ ሲታይ፥ ሉፐስ የሚባለውን በሽታ ያሳስባል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ደግሞ የፊት ግማሹ ብቻ ቀልቶ ግማሹ እንዳለ የሚቀርበት ሁኔታ ነው፤ መካከሉ በክር የተለካ ይመስላል። ይህን በ1988 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ሐኪሞች ሃርለኪን ብለው ጠርተውታል፤ ወደ አንደኛው የፊት ገጽ የሚሄደው ነርቭ ሥራውን ሲተው፥ የማይቀላው ወገን ነው የታመመው። አብዛኛውን ጊዜ አይጐዳም፤ መመርመሩ ግን ይገባል።

በመጨረሻ የምንጽፈው በከተማችን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ነገር ነው። ብዙ እመቤቶችና ልጃገረዶች ማድያትን ለማጥፋት ወይም መልካቸውን ለማቅላት ብለው ሐኪም ያላዘዘላቸውን ክሬም ከሱቅም ከገበያም ገዝተው ይቀባሉ። በመጀመሪያው ወር ፊታቸው ጠርቶ፥ ማድያቱም ሳስቶ ይታያል፤ ስለዚህ ለጓደኛ፥ ለእኅት፥ ለሙሽራ እየተመከረ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። ከእነዚህ ክሬሞች ብዙዎቹ ቤታሜታሶንን ወይም ክሎቤታሶልን የመሰለ ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት አለባቸው። ይህ መድኃኒት በሐኪም እጅ ሲሆን ለጥቂት ቀን፥ ለተወሰነ ቦታ የሚጠቅም ነው፤ በፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳል፥ የደም ሥሮቹም ሰፍተው ይቀራሉ። ያን ጊዜ ሩጫ ቢሮጡ፥ ዳገት ቢወጡ፥ እንጀራ ቢጋግሩ፥ ከቤት ወደ ፀሐይ ብቅ ቢሉ ፊታቸው ይነድዳል፤ በዕረፍትም አይመለስም። ቀላሁ ብላ ደስ ያላት ልጅ እውነትም ቀላች፤ እንደ ፈለገችው ግን አይደለም።

ሃይድሮኪኖን ያለበት ደግሞ ለብዙ ጊዜ ሲቀባ፥ አጥፋልኝ የተባለውን ጥቍረት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፥ ለማከምም እጅግ የሚያስቸግር ጥቍረት አድርጎ ይመልሰዋል። ሜርኩሪ ያለበትም ኵላሊትን ይጐዳል፤ በምታጠባ እናት ላይ ሲሆን ጕዳቱ ለሕፃኑም ይተርፋል። በክሬሙ ዕቃ ላይ የተጻፈው ሁሉ ከውስጡ ካለው ጋራ የሚስማማ ስላልሆነ፥ ስሙን ማንበብ ብቻ አያድንም።

እንዲህ ያለ ክሬም የጀመረች ሰው ዛሬውኑ ልጣለው ብትል፥ በጥቂት ቀን ውስጥ ፊቷ ከቀድሞው ይልቅ ይቀላል፥ ያብጣል፥ እንደ ብጕር ያለ ሽፍታም ይወጣበታል፤ ብዙዎች ‹ሳልቀባው ታመምሁ› ብለው ወደ ክሬሙ የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሚያስተዋት የቆዳ ሐኪም ይሁን። በከተማችን በስተ ምዕራብ በዘነበወርቅ የሚገኘው፥ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ በቦሌ በኩልም የቆዳ ሐኪም ያላቸው ክሊኒኮች ይገኛሉ። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የክሬሙን ስም በቃል ከመናገር ይልቅ ዕቃውን ራሱን፥ ያለቀውንም ባዶ ቱቦ ሳይቀር፥ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይዘውለት ይሂዱ፤ ስንት ወር እንደ ተቀቡትም አይደብቁት።